እምቢ ይለን የነበረው ሰው

ሩማንያ ካሉት የሥራ ባልደረቦቻችን መካከል እምቢ የሚለን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቹ የጠየቅናቸውን ሁሉ እሺ ይሉናል። እሺታቸው ደግሞ ደስ ይላል፤ ስብሰባው ቶሎ ያልቃል፣ ሁሉም ፈገግ እንዳለ ካሜራውን ያጠፋል። ጉዱ የሚወጣው ኋላ ነው። ሥራው ተጠናቆ ሲመጣ የጻፍነው ሁሉ አለ፣ የፈለግነው ግን የለም።

እኔ ለአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በሚያዘጋጅ የፍራንክፈርት ድርጅት ውስጥ ፈታሽ ነኝ። ፕሮግራሙ ተንከባካቢዎች እጅ ከመግባቱ በፊት በየት በኩል እንደሚሰበር የምፈልገው እኔ ነኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ መላእክት ላይም ጉድፍ አታጣም" ትለኝ ነበር፤ እንጀራዬ ከጠባዬ ጋር ገጥሞልኛል። ፕሮግራሙን የሚጽፉት ግን እኛ ሳንሆን ሩማንያ ያለው ቡድን ነው። አለቃዬ "ቅርብ አገር" ማለት ይወዳል። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ የሰዓት ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ ባህላቸውም የእኛው ነው ይላል። "የእኛው" ሲል እኔንም ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር ጠይቄው አላውቅም።

መጀመሪያ ላይ ሥራው የሚሰጣቸው በጽሑፍ ብቻ ነበር። አለቃዬ የሚፈልገውን ጽፎ ይልካል፣ እነሱ የተጻፈውን ሠርተው ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ "ተንከባካቢዋ እያንዳንዱን ክኒን ስትሰጥ ታረጋግጥ" ብሎ ጻፈ። አንድም ቃል ሳይጎድል ተሠራ። አንድ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት እፍኝ ሙሉ ክኒን እንደሚውጡ፣ ተንከባካቢዋ ለእያንዳንዷ "እርግጠኛ ነሽ?" ለሚል ጥያቄ መልስ ስትሰጥ የሰውየው ቁርስ እንደሚበርድ የነገራቸው የለም። እነሱም አልጠየቁም። የከፈለ ደንበኛ የጻፈውን መጠየቅ ነውር መስሎ ታይቷቸዋል፤ ይህን ዓይነት ይሉኝታ እኔ ከአገሬ አውቀዋለሁ።

ያ ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎልማሳ፣ ራሰ በራ፣ ጥርሱን የሚያመው የሚመስል ኮስታራ ነበር። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ክፍል፣ ማለትም የፕሮግራሙን ልብ፣ ብቻውን የሚጽፈው እሱ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ አለቃዬ የሚፈልገውን ዘርዝሮ ሲጨርስ "ይሄ አይሆንም" አለው። የቡድኑ መሪ የሆነችው ለስላሳ ሴት ፊቷ ቀላ። አለቃዬ "ለምን?" ሲለው ሰውየው ረጋ ብሎ አስረዳ። ትክክል ነበር። እኔ ወዲያውኑ ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ እየተጣላን ነው የሠራነው። ስህተት አግኝቼ ስልክለት "ስህተቱ ያለው አጠያየቅሽ ላይ ነው" ይለኛል። እኔም አልተኛለትም። የቡድኑ መሪ ሁለታችንን ለማስታረቅ መሀል ገብታ ስትለማመጥ በሆዴ እስቅ ነበር፤ የተጣላን የመሰላት እሷ ብቻ ናት። በመጨረሻ ሁለታችን አንድ ልማድ አበጀን። "ጨርሻለሁ" የሚል ቃል ብቻውን አይቆጠርም። ጨረስኩ የሚል ሰው ነገሩ ለምን እንደተበላሸ፣ እንዴት እንዳስተካከለው፣ ወደፊትም በየት በኩል ሊሰበር እንደሚችል ይናገራል። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ለመዱት። ያ ቡድን ሥራ የሠራው በዚያ ዘመን ነው። ስለ ቅርብ አገር ሥራ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ እምቢ የሚልህን ሰው ፈልግና ሙጭጭ ብለህ ያዘው።

አንድ ጊዜ ፍራንክፈርት መጥቶ ነበር። አለቃዬ ኖርድኤንድ ካሉት ጥሩ ምግብ ቤቶች በአንዱ ሊጋብዘው አስቧል። እኔ ግን አስቀድሜ ሮደልሃይም ወሰድኩት፣ አደይ ወደሚኖሩበት የአረጋውያን ቤት። አደይ የምላቸው ኤርትራዊት ናቸው፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ኖርድቬስትሽታት አንድ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ለዓመታት ኖረዋል፤ ልጄ ያደገችው እሳቸው ጉልበት ላይ ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ነው የተማሩት፣ ሆኖም ከእኔ አማርኛ የሳቸው የጠራ ነው። ዘመድ በሌለኝ አገር እናት ሆነውኛል፤ ከእናቴ ለይቼ አላያቸውም።

አደይ ልባቸው ሥርዓት ይዞ ስለማይመታ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ክፉ መድኃኒት ነው። ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ደም ይፈሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ደማቸውን እያስመረመረ መጠኑን ይለዋውጠዋል፤ አንዱን ቀን ሙሉ ክኒን፣ ሌላውን ቀን ግማሽ፣ አንዳንዴ ሩብ። እንግዳዬ አጠገባቸው ወንበር ስቦ ተቀምጦ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ተንከባካቢዋ ስንት ጊዜ እንደምትጠራና እንደምትቋረጥ ሲያይ ቆየ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አሉኝ አደይ።

"የርስዎን መድኃኒት የሚያሰላው ሰው ነው።"

"እንዲህ ተኮሳትሮ ነው የሚያሰላው?"

"ሁልጊዜም።"

"ጥሩ ነው፤ የሚሳሳቅ ሰው መድኃኒቴን እንዲነካብኝ አልፈልግም።"

ስተረጉምለት ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አገሩ ተመልሶ የስሌቱን ክፍል ግማሹን አፍርሶ እንደገና ሠራው። አለቃዬ ስለ ጊዜው ቢነጫነጭም በውጤቱ ተደስቶ፣ ሮደልሃይም ያለው ቤት የወረቀቱን የመድኃኒት መዝገብ ትቶ ሙሉ በሙሉ በእኛ ፕሮግራም እንዲሠራ ከቤቱ ኃላፊዎች ጋር ተስማማ። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት "ፈትሼዋለሁ፣ ለሰው ይሁን" ብዬ ማረጋገጥ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ማለትም የአደይ ደም በእሱ ስሌትና በእኔ ቃል ላይ ሊንጠለጠል ነው። ይህ ያኔ አላስፈራኝም፤ ሰውየውን አውቀዋለሁና።

በጋው አልቆ ሁላችንም ከእረፍት ስንመለስ የሰውየው ካሜራ ጠፋ። "ተበላሽቶበታል" አለች የቡድኑ መሪ። ቀጥሎ ድምፁ ጠፋ። "ጉሮሮውን አሞታል፣ በጽሑፍ ይመልሳል" አለች። እየቆየ ስብሰባውንም ተወው። አንዴ ሐኪም ጋ ነው፣ አንዴ ከኢንተርኔት ውጪ ነው፣ አንዴ እናቱ ዘንድ ገጠር ሄዷል። ሥራው ግን አልቆመም። ጥያቄ ስጽፍለት መልሱ በስሙ ቶሎ ይመጣል፤ ከድሮው ይልቅ እንዲያውም ፈጠነ።

ያስደነገጠኝ መልሱ ራሱ ነው። "ስለ ጠቃሚው አስተያየትሽ አመሰግናለሁ። ተስተካክሏል።" ያ ሰው የእኔን አስተያየት ጠቃሚ ብሎት አያውቅም። በዚያ ላይ ለምን እንደተበላሸ የለም፣ በየት በኩል እንደሚሰበር የለም። ተስተካክሏል፣ በቃ። ደግሜ ብጽፍ፣ ነገር ለመፈለግ ብዬ ብሰድበውም፣ "ልክ ነሽ፣ ይቅርታ" የሚል መልስ መጣልኝ።

ስለዚህ ፈተንኩት፤ ፈታሽ አይደለሁ? ተንከባካቢዎች የደም ማቅጠኛውን ክኒን ስምንት ቦታ ከፍለው መስጠት እንዲችሉ ፕሮግራሙ ይፍቀድ ብዬ ጻፍኩ። ያችን ትንሽ ክኒን አራት ቦታ መክፈል ራሱ አበሳ ነው፣ ስምንት ቦታ ግን ዱቄት ማድረግ ነው። እሱ ሮደልሃይም ተቀምጦ በዓይኑ አይቷል። የማውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ አብደሻል ወይ ይለኝ ነበር። "በደስታ፣ እስከ ዓርብ ይደርሳል" የሚል መልስ መጣ። ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ ነበር ያነበብኩት፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ይህ ስሜት ለእኔ አዲስ አልነበረም። ልጄን አርግዤ ሳለሁ አባቴ አዲስ አበባ ሞተ፤ እኔ ግን አላወቅሁም። ነፍሰ ጡር ናት፣ በሰላም ሳትገላገል አይነገራት ተብሎ እዚያ ያሉትም እዚህ ያሉትም ተስማሙ። ስደውል ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ ስደውል ተኝተዋል፣ ስደውል ጠበል ናቸው፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ወንድሜ በደህናው ጊዜ ሳይነጅሰኝ ስልክ ዘግቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ሰሞን ግን ላልኩት ሁሉ "እሺ እህቴ፣ እሺ የኔ ቆንጆ" ይለኝ ነበር። ወልጄ ጠንከር ስል አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች መተላለፊያውን ሞልተውት አየሁ። አንዳቸውም አፍ ሳይከፍቱ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ ድንገት ጨዋ የሚሆንብኝን ሰው እፈራለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ስህተት አገኘሁ። ሐኪሙ የደም ማቅጠኛውን መጠን በሳምንቱ መሀል ከቀየረ፣ ፕሮግራሙ አንዳንዴ በማግስቱ የድሮውን መጠን ነው የሚያሳየው። ሁልጊዜ አይደለም፤ የሚያስፈራውም ይሄ አንዳንዴው ነው። ጻፍኩላቸው። "ተስተካክሏል" አሉኝ። ብፈትሸው ደህና ሆነ። ከቀናት በኋላ በሌላ መንገድ ብሞክረው ያው ስህተት ተመለሰ። ጻፍኩ፣ ተስተካክሏል። ከሰውየው ጋር ፊት ለፊት ልነጋገር ብዬ ቀጠሮ ጠየቅሁ፣ እናቱ ዘንድ ነው አሉኝ።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። እሱ የሥራውን ጤንነት በየሳምንቱ የሚያይበት ሰሌዳ አለው፤ አምፕል ይሉታል፣ የትራፊክ መብራት ማለት ነው። ሁሉም አረንጓዴ ነበር።

"መልስ ዘገየብሽ?" አለኝ።

"አልዘገየም። ፈጠነ።"

"ባለጌ ሆኑብሽ?"

"ጨዋ ሆኑብኝ።"

ሳቀብኝ። "መጨቃጨቅ ሱስ ሆኖብሽ ነው። ቡድኑ በሰለ ማለት ነው እኮ፤ ደስ ሊልሽ ይገባል" አለ። የአረጋውያኑ ቤት ወረቀቱን የሚተውበት ቀን እየቀረበ ስለነበር ሌላ ወሬ መስማት አልፈለገም። ደሜ ፈላ። በሩን ዘግቼ ስወጣ ወደ ሩማንያ የሚበር አውሮፕላን መፈለግ ጀመርኩ።

እዚያ ደርሼ ከኤርፖርት ስደውልላት የቡድኑ መሪ የት እንዳለሁ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሰብስባ "እንኳን ደህና መጣሽ" አለችኝ። ቢሯቸው ያለበት ሕንፃ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ፈገግታዋ ከወትሮው በዝቷል። ሰውየው ቤቱ ታሞ ተኝቷል አለችኝ። ከፎቅ እስክንደርስ ስለ አየሩ፣ ስለ በረራዬ፣ ስለ ልጄ ስትጠይቀኝ መልሴን አልጠበቀችም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ተነሥተው ጨበጡኝ። የሁሉም እጅ ቀዝቃዛ ነበር። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ምንም ነገር የለም፣ ወንበሩም ወደ ውስጥ ተገፍቷል።

ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ትንሿ ኩሽናቸው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ሳህን ተቀምጧል። የተቀቀለ ስንዴ ነው፤ ላዩ ስኳር ተነስንሶበት መሀሉ ላይ መስቀል ተሠርቶበታል። አጠገቡ ጠፍታ የቀረች ጧፍ አለች። እነሱም እንደኛ ኦርቶዶክስ ናቸው። የእነሱ ጣፋጭ ነው እንጂ፣ እኔ ንፍሮ ሳይ የለቅሶ ቤት መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።

"ማን ነው የሞተው?" አልኳት።

በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለአፍታ ሌላ ውሸት ስትፈልግ ፊቷ ላይ አየሁት፣ ከዚያ ተወችው። ግድግዳው ላይ ተደገፈችና አለቀሰች።

በጋው ሊያልቅ ሲል ነው የሞተው። እናቱን ሊጠይቅ ገጠር ሄዶ ልቡ ቆመ። ስንዴውን ቀቅለው የላኩት እናቱ ናቸው፤ ለመታሰቢያው፣ አብረውት ለሠሩት ልጆች ብለው። እሷ ማንኪያ ሰጠችኝ። በቋንቋቸው አንድ ነገር አለች፣ እግዜር ይማረው ማለት ነው አለችኝ፤ እኔም በቋንቋዬ ነፍስ ይማር አልኩ፣ ሁለታችንም ቆመን በላን። እንደ ወንድሜ ነው ያለቀስኩለት። ከዚያ ግን ቁጣዬ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ስጨቃጨቅ፣ ስሰድበው፣ ስጠብቀው የነበረው ሰው አፈር ውስጥ ነበር።

"ማን ነው ታዲያ ሲመልስልኝ የነበረው?"

"ሁላችንም፣ በየተራ" አለች።

ስሙ ውሉ ላይ አለ። ያ ክፍል በእሱ እጅ እንዲሠራ፣ እሱ ከለቀቀ ደንበኛው ውሉን ማፍረስ እንዲችል ተጽፏል፤ ያስጻፈው የእኔው አለቃ ነው፣ ሰውየውን ከወደደው በኋላ። የድርጅታቸው ባለቤት እሱን የሚተካ እስኪገኝ ዝም በሉ አላቸው። ዝም አሉ። ደንበኛ እንዳይከፋው፣ ሥራ እንዳይቀር፣ ልጆቹ እንዳይበተኑ ብለው የሞተ ሰው ስም ለብሰው እሺ ሲሉን ከረሙ። እምቢ ቢሉ እንደሚጋለጡ ሳይገባቸው አልቀረም፤ እምቢ ለማለት እኮ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

"የስሌቱ ክፍል የገባው ሰው አለ?" አልኳት።

ዓይኔን አላየችኝም። "ከውጪ እየለጠፍንበት ነው፤ ውስጡን ለመንካት እንፈራለን" አለች።

ከእሷ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ያ ነበር። አቅፌያት ወጣሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ አደይንና የምትበታተነውን ያችን ትንሽ ክኒን ብቻ ነበር የማስበው።

በማግስቱ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። "በጣም ያሳዝናል" አለና ተነሥቶ በሩን ዘጋው። በእርግጥም አዝኗል፤ መስኮቱ ዘንድ ቆሞ ከተማውን ሲያይ ቆየ። ሲዞር ግን ሌላ ሰው ነበር።

"ከሞተ በኋላ ሥራው ቆሞ ያውቃል?"

"አልቆመም።"

"የተላከው ሁሉ ተስተካክሎ መጥቷል?"

"ተስተካክሏል ይላሉ።"

"እንግዲያው ያለ እሱም ይሄዳል ማለት ነው።"

ጆሮዬን አላመንኩም። ስህተቱ ተመልሶ መምጣቱን፣ ውስጡን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን፣ በክኒን መዘዝ ሰው ሊሞት እንደሚችል እየጮህኩ ነገርኩት። እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይሄ ወሬ ከወጣ የአረጋውያን ቤቶቹ በሙሉ ይሸሻሉ፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ ከዚህ ክፍል አይውጣ አለኝ። ሩማንያ ኩሽና ውስጥ የሰማሁት ቃል ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ።

"እኔ አላረጋግጥም፤ በዚህ ላይ ስሜን አላኖርም" አልኩት።

"እሺ" አለ። "ልክ ነሽ። እናዘገየዋለን፤ ለቤቱ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ደክሞሻል፣ የቀረሽ የእረፍት ኡርላውብ አለ አይደል? ውሰጂው።"

በእውነትም ደክሞኝ ነበር። እንደዚያ ብሎ ሲቀበለኝ ዕንባዬ መጣ። ኮምፒውተሬን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ ወጣሁ። በእረፍቱ ቀናት እንቅልፌን ተኛሁ፣ ከልጄ ጋር ወንዙ ዳር ተራመድኩ፣ ቤቴን ጠረግሁ። ለአደይ የሚወዱትን ሽሮ ሠርቼ በዕቃ ቋጠርኩና ሮደልሃይም ሄድኩ።

ሳሎናቸው ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ የሆነች ተንከባካቢ አገኘችኝ። ከመጣች ብዙ አልቆየችም፣ ሥራዋን ግን ትወዳለች። ታብሌት በብብቷ ይዛለች። ስታየኝ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ወረቀቱ ቀረ እኮ!"

"የምን ወረቀት?"

"የመድኃኒቱ ነዋ! ትናንት ነው የጀመርነው። ለፍሌገሃይሙ ሠራተኞች በሙሉ ኢሜይል መጥቷል። ተፈትሿል፣ ለሥራ ዝግጁ ነው ይላል፤ ከሥሩ ያንቺ ስም! አብረውኝ ለሚሠሩት ኮሌጌዎቼ ሁሉ፣ ይቺ እኮ የአገሬ ልጅ ናት፣ የአደይ ልጅ ናት እያልኩ ሳሳይ ነው የዋልኩት።"

የያዝኩት ዕቃ ከበደኝ። "ስሜ? መቼ ነው የተላከው?" ስላት ዓርብ አለችኝ። ዓርብ እኔ ልጄን ይዤ ወንዙ ዳር ነበርኩ፤ ኮምፒውተሬ ግን አለቃዬ ዘንድ ቢሮ ነበር። የድሮውን ወረቀት አምጪልኝ አልኳት። የሰው ምስጢር ነው ተብሎ፣ በዳተንሹትስ ሕግ፣ ጠዋት ማሽን ውስጥ ገብቶ ተቆራረጠ አለችኝ።

አደይ መስኮት ዳር ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ስስማቸው ክንዳቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት አየሁ፤ ሰፊ ነው፣ ዳሩ ወደ ቢጫ ሄዷል።

"አደይ፣ ወደቁ እንዴ?"

"ኧረ አልወደቅሁም ጓለይ፣ ልጄ፤ ዝም ብሎ የመጣ ነው። ትናንት ሐኪሙ አይቶት ደምዎ በጣም ቀጥኗል አለኝ። ከነገ ጀምሮ ሩብ ብቻ ይውሰዱ ብሎ እዚያው ታብሌታቸው ላይ ጻፈ።"

"ዛሬ ጠዋት ሩብ ነው የወሰዱት?"

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ተንከባካቢዋን አየኋት። ትናንት ተረኛ አልነበረችም። ታብሌቱን ከፍታ የአደይን ስም ነካች፣ ወደ እኔም አዞረችው። ሙሉ ይላል። አረንጓዴ ምልክት አለበት፤ ተሰጥቷል። የልጅቷ ፊት ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁት። "ሐኪሙ ጋ ደውዪ፣ አሁኑኑ" አልኳት። እየሮጠች ወጣች። እኔ አደይ እግር ሥር ተንበረከክሁና ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። ለምን አልተናገሩም አደይ፣ ሩብ መሆኑን ያውቁ የለም ወይ አልኳቸው። ድምፄ ሳልፈልግ የቁጣ ሆነ።

"አውቄያለሁ እንጂ" አሉኝ። "ልመልሰው ብዬ ከአፌ አውጥቼው ነበር። ያቺ ልጅ ግን ስምሽን አሳየችኝ። የልጄ ስም ያለበትን ነገር እንዴት አይሆንም እላለሁ? አፈርኩና ዋጥኩት።"